የሰርቨርን ፍጥነት ከሥራው ጋር ስለ ማመዛዘን

በዱከም ከተማና በዚያው በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚሠራ ነጋዴ ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ከትርፉ ላይ የሚቀነስ ወጪ መሆኑን ያውቃል። ስለሆነም የፋብሪካውን ሞተር ይቆጣጠራል፤ በጽሕፈት ቤቱ ጥግ ቀንና ሌሊት የሚሠራውን ሰርቨር ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። 100 ዋት ያለማቋረጥ የሚወስድ መሣሪያ በዓመት 876 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል።

ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ሳለ የሚፈጀው ኃይል በፍጥነቱና በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ ፍጥነቱም ቮልቴጁም 20 በመቶ ቢቀነሱ፣ ይህ ፍጆታ ከመቶ ወደ 51 ይወርዳል። ሥራው 25 በመቶ ያህል ቢዘገይም፣ ለሥራው በጠቅላላ የሚውለው ኃይል ከመቶ 64 ብቻ ይሆናል። ሆኖም ዲስኩ፣ ሚሞሪውና ሌሎቹ ክፍሎች ፍጆታቸውን በዚህ መጠን ስለማይቀንሱ፣ በቆጣሪው ላይ የሚታየው ቁጠባ ከዚህ ያነሰ ነው።

ሰርቨርን ሁልጊዜ በከፍተኛ ፍጥነት ማሠራት፣ የጭነት መኪና ኬላ ላይ ቆሞ ሞተሩን እንደሚያስጮኽ ነው። በአንጻሩ ሁልጊዜ በዝቅተኛ ፍጥነት ማሠር ሌላ ጉዳት አለው፤ በወር መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ፣ ወይም የጉምሩክ ሰነድ ሲዘጋጅ ጸሐፊውም ደንበኛውም ይጠብቃሉ። አንዳንድ ጊዜም ሥራን ፈጥኖ ጨርሶ ፕሮሰሰሩን ማሳረፍ፣ በዝግታ ከመሥራት ይልቅ ኃይል ይቆጥባል። ስለዚህ ለአብዛኛው ንግድ ቤት የሚሻለው ፍጥነቱ እንደ ሥራው መጠን ከፍና ዝቅ የሚልበት ሥርዓት ነው። ይኸውም በሊኑክስ «ስኬዱቲል»፣ በዊንዶውስ «ባላንስድ» በሚባሉት ምርጫዎች ይገኛል።

መብራት በጠፋ ጊዜ ጥቅሙ ይበልጥ ይገለጣል። ሰርቨሩ የሚወስደው ኃይል ሲያንስ ባትሪው ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል፤ የዕለቱ ሽያጭና የዕቃ መዝገብ በደኅና ተቀምጦ መሣሪያው በሥርዓት እንዲዘጋም ጊዜ ይገኛል።

ባለንብረቱ ግን በግምት እንዳይወስን ይገባዋል። በሰርቨሩ መስመር ላይ የኃይል መለኪያ አግብቶ፣ ሥራው በሚመሳሰልባቸው ሁለት ሳምንታት፣ አንዱን በከፍተኛ ፍጥነት፣ ሌላውን በተለዋዋጩ ያሠራው። ቆጣሪው ያሳየውን ልዩነት ሠራተኞቹ ከጠበቁት ጊዜ ጋር ሲያነጻጽር፣ የሚበጀውን በቁጥር ያውቀዋል።