የሚሰምጥ የፍሬን ፔዳል

ጥያቄ፦ የአራዳ ነዋሪ ነኝ። የአሮጌ ኮሮላዬ ፍሬን ፔዳል ይለሰልሳል፤ የሊማሊሞን ቁልቁለት ስወርድ ደግሞ ይብሳል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ እርጥበት የጠጣው ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል የሚፈጠረው እንፋሎት ፔዳሉን ያለሰልሰዋል።

ሜዳ ላይ ቆመው፣ ሞተሩን አስነስተው ፔዳሉን ረግጠው ይያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ፣ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ አልቆ ወይም ዘይት እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ደጋግመው ሲረግጡት ከጠነከረ አየር ገብቶ ይሆናል። የዘይቱን መጠን፣ እንዲሁም ዘይት ፈስሶ እንደሆነ የጎማዎቹን የውስጥ ጎን ይመልከቱ።

ዘይቱ ከጎደለ ወይም ፔዳሉ ወለል ከነካ እባክዎ አይንዱ፤ መካኒክ ወዳሉበት ያስመጡ። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩ፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ይውረዱ።