ልጆችን ወደ ሥርዓትና ወደ ዘፈን ትምህርት ስለ መላክ

ወላጆች ሆይ፤ በአዲስ አበባና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞች የገበታን ሥርዓት፣ የሰላምታን ደንብና ወንድና ሴት በአዳራሽ ተያይዘው የሚጫወቱትን የፈረንጅ ዳንስ ለልጆች በገንዘብ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ከቆቦና ከራያ ቆላም ወደ ከተማ የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አንዱ ይህ ሥልጣኔ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ጥፋት ነው ይላል፤ ሁለቱም ግን ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ ሳይመረምሩ ይፈርዳሉ።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። በቀደሙት የአማርኛ መጻሕፍት «ዘፈነ» ማለት በእግርና በትከሻ መጫወት ነበረ እንጂ በአፍ ማዜም ብቻ አልነበረም፤ እኛም በዚያው ትርጓሜ እንናገራለን። ዳዊት በታቦቱ ፊት ዘፈነ፤ የሄሮድያዳም ልጅ በሄሮድስ ግብዣ ዘፈነች። እግር በሁለቱም ዘንድ እግር ነው፤ የተለየው በማን ፊትና ስለ ምን እንደ ዘፈኑ ነው። ደግሞም ልጂቱ ምን እንድትለምን እናቷን እንደ ጠየቀች አስተውሉ። ልጁን ወደ ዘፈን የሚልክ ወላጅ የራሱን ምኞት ሊመረምር ይገባዋል።

የቆቦ ሰው ይህ ትምህርት ከፈረንጅ የተጀመረ አይምሰለው። የፍልሰታ ጾም ከተፈታበት ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ይጫወታሉ፤ ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በትግራይም አሸንዳ ይባላል። ልጃገረዶቹ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። በእነዚያ ቀኖች ከቤት ሥራ ያርፋሉ፤ እናትም ወዴት ትሄጃለሽ ብላ አታስጨንቅም። ታናሺቱ ከታላላቆቿ ጋር ስትዞር የሰው ደጅ እንዴት እንደሚገባ፣ ባለቤቱ በምን ቃል እንደሚወደስ፣ ስጦታ ተቀብሎ እንዴት እንደሚመረቅ ያለ ክፍያ ትማራለች። ወንድ አይይዛትም፤ ብቻዋንም አትሄድም፤ በጓደኞቿ መካከል ተከብራ ትዘፍናለች። ከዚህ የሚሻል የሥርዓት ትምህርት ቤት እንዳለ እኔ አላውቅም።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። በዚያ ቀን ልጃገረዲቱ ትታያለች፤ የሚያጩም ሰዎች ያዩአታል። ሶለል ሴቲቱን ያስተምራል፤ የሚመለከታትን ብላቴና ግን ማን ያስተምረዋል? እርሱ ዱላውን ይዞ መዝለልን፣ መፎከርንና አለመፍራትን ይማራል። መጠየቅን፣ እንቢም ሲባል በክብር መመለስን ግን የሚያስተምረው የለም።

የፈረንጆቹን ትምህርት መመልከት የሚጠቅመን በዚህ ስፍራ ነው። በ1589 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሀገር በላንግር ከተማ አንድ ካህን ቶይኖ አርቦ በሚል የተሸፈነ ስም የዘፈን መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ መምህርና ተማሪ እየተነጋገሩ የሚሄድ ሲሆን፣ እግር እንዴት እንደሚነሣ ብቻ ሳይሆን ባርኔጣ አውልቆ እጅ መንሣትንም ያስተምራል፤ ዘፈን ለትዳር የሚፈላለጉ ሰዎች የሚተያዩበት መሆኑንም ሳያፍር ይናገራል። እንግዲህ የእነርሱ አዳራሽና የእኛ ሜዳ በዚህ ነገር ይገናኛሉ። ተቃቅፎ የሚዘፈነው ቫልስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1816 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ግብዣ በተዘፈነ ጊዜ የሎንዶን ታላቅ ጋዜጣ ታይምስ ነውር ነው ብሎ ጻፈበት። ስለዚህ የቆቦ እናት ይህን አይታ ብትደነግጥ ብቻዋን አይደለችም። እኔም ለሕፃናት መተቃቀፉ ያስፈልጋል አልልም።

የሚያስፈልገው ከመተቃቀፉ በፊት ያለው ነው። በዚያ ሥርዓት ወንዱ ልጅ ወደ ልጂቱ ቀርቦ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ፈቃዷን ይጠይቃል፤ እንቢ ብትል እንደገና እጅ ነሥቶ ሳይቈጣ ይመለሳል። ፈቃዷን ብትሰጥም ዘፈኑ ባለቀ ጊዜ አመስግኖ ወደ ስፍራዋ ያደርሳታል።

ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚቈጥር ሰው የሀገራችንን የጠለፋ ታሪክ ያስብ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባ ከክስ ያድነው ነበረ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን ይህን መሸሸጊያ አፈረሰ፤ ለማግባት ብሎ ሴትን የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ አዘዘ። ከዚያም አስቀድሞ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎ ነበረ። ሕግ ጎልማሳውን ይቀጣል፤ የዐሥር ዓመቱን ብላቴና ግን አስቀድሞ የሚያስተምረው ሌላ ሰው ነው።

ስለ ገበታ ሥርዓት ብዙ አልናገርም። ሹካና ቢላዋ በአንድ ሳምንት ይለመዳል። ልጅ በማስታጠቢያ ውኃ ይዞ ከሽማግሌው ጀምሮ የእንግዶችን እጅ ሲያስታጥብ የሚማረውን ግን ሹካ አያስተምርም። (ልጁ ቆሞ እያስተናገደ ራሱ በረኀብ የሚያድርበትን ልማድ ማመስገኔ አይደለም።) ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፍ ማሳተማቸው፣ ይህ ጉዳይ የአባት ሥራ ሆኖ የቆየ መሆኑን ያሳያል። ልጃችሁ ከከተማ ተምሮ ተመልሶ፣ ከዞብል በኩል አቧራ ለብሶ የመጣ አጎቱ ወደ ቤት ሲገባ ከወንበሩ ባይነሣ፣ የከፈላችሁት ገንዘብ ኩራትን ገዝቶላችኋል።

ስለዚህ ልካችሁ ልታስተምሩ ብታስቡ፣ ሳትከፍሉ በፊት አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ ጥግ ተቀመጡ። የመምህሩን ልብስና ንግግር ተዉት። አንዲት ልጅ «አልፈልግም» ባለች ጊዜ የሚያደርገውን ተመልከቱ። ቢስቅባት ወይም እጇን ይዞ ቢያስነሣት ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። የጠየቃትን ብላቴና እጅ አስነሥቶ በጸጥታ ወደ ስፍራው ቢመልሰው ግን ክፍያው ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ።