ፊደል የማያውቁት አስተማሪ

ህንድ ከባሕር ማዶ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለች ሰፊ አገር ናት። ከእኛ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ገበያ ወጥታችሁ የምትገዙት ቁንዶ በርበሬ የትውልድ አገሩ እዚያ ነው። በደቡብ ህንድ ኬረላ የምትባል ክፍለ አገር አለች። ዝናብ የሚበዛባት፣ ሩዝና ኮኮናት የሚበቅልባት የባሕር ዳር አገር ናት። ቁንዶ በርበሬ መጀመሪያ የተገኘው በዚያ አካባቢ ባሉ ተራሮች ላይ ነው። ከዚችው ከኬረላ ወደ እኛ ሌላም ነገር መጥቷል። እሱም አስተማሪ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የእኛ መምህራን አልበቁም። ስለዚህ ከውጭ ማስመጣት ግድ ሆነ። ከመጡትም ውስጥ ህንዶች ብዙ ነበሩ፤ ከህንዶቹም አብዛኞቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ሂሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው «ሚስተር» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ፖል ቨርጊስ የተባሉ የኬረላ ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 በአስተማሪነት መጥተው አማርኛ ተማሩ። ኋላም በቤተ መንግሥት ሠርተዋል፤ አገራቸው ተመልሰውም ጳጳስ ሆነዋል።

ስለ ማስተማራቸው ብዙ ተወርቷል። ኑሯቸው እንዴት ነበር? ምን በሉ? ምን ቸገራቸው? ይህ ግን ብዙም አይነሣም። እስቲ አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንከተል። የብዙዎቹን ኑሮ በአንድ ላይ ሰብስበን የምናይበት ስለሆነ ስም አንሰጠውም። አባት አስተማሪ ናቸው። እናት አሉ፤ የሰባት ዓመት ልጅም አለች። ክርስቲያኖች ናቸው። የተመደቡት ሞጣ ነው እንበል።

አዲስ አበባ ደርሰው አውቶቡስ ተራ ቆሙ። አስተማሪው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰው ናቸው። የአገራቸውን ማላያላም የሚባል ቋንቋ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ሂንዲም ይሞክራሉ። ከፊታቸው የቆሙት አውቶቡሶች ግንባር ላይ የየአገሩ ስም ተጽፏል። ለእሳቸው ግን ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረችው መሬት ነው። ሞጣ የትኛው ነው? ማርቆስ የትኛው ነው? ሰው ይዘው መጠየቅ አለባቸው። የጠየቁት ሰው ከዋሻቸውም ተዋሹ ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር እንዴት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ጎሐ ጽዮንን እንዳለፉ መሬቱ ከእግር በታች ይጠፋል። አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል። እናንተ ለምዳችሁታል፤ መጀመሪያ ቀን ያየው ሰው ግን ዓይኑን ይጨፍናል። ከታች ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሙቀቱ የአገራቸውን ስለሚመስል ደስ ይላቸዋል። ደስታው ግን ዳገቱን ወጥተው ደጀን እስኪደርሱ ነው። (ያኔ ድልድዩ አንድ ነበር። ዛሬ በአጠገቡ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ አዲስ ድልድይ ቆሟል።) ከደጀን አንዱ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በብቸና አድርጎ ወደ ሞጣ ይሄዳል። ሞጣ ሲገቡ መሽቷል። ብርዱም አጥንት ይሰብራል።

በማግሥቱ የመጀመሪያው አለመግባባት መጣ። ርእሰ መምህሩ «ሥራ በሁለት ሰዓት ይጀመራል» ብለዋል። አስተርጓሚውም ቃሉን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በውጭ አገር አቆጣጠር ግን ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ተነሥቶ ነው። የእኛ ጧት ሁለት ሰዓት ለእነሱ ስምንት ነው። የእነሱ ቀን ሁለት ሰዓት ደግሞ ለእኛ ስምንት ነው። አስተማሪው በስምንት ሰዓት ተጣጥበው፣ ለብሰው ከች አሉ! ተማሪው ምሳውን በልቶ ተመልሷል። ይህን ስሕተት ያልሠራ የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ጥቂት ነው።

የዘመን ቆጠራችን ግን ያን ያህል አልገረማቸውም። ኬረላም የራሷ የዘመን አቆጣጠር አላት፤ ዓመቷም የሚጀምረው በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ነው። ኦናም የሚባል ትልቅ በዓል አላቸው። በዚያ በዓል ልጆች አበባ ለቅመው ደጅ ላይ በወግ በወጉ ይደረድራሉ። እንግዲህ ልጅቷ በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይዘው የሚዞሩ ልጆችን ስታይ፣ ከቤቷ የወጣች አልመሰላትም።

ምግቡስ? ሩዝ ለምደዋል፤ ሩዝ በዚያ ዘመን ሞጣ ገበያ በየቀኑ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ለእንጀራ ግን ሙሉ በሙሉ ባዳ አይደሉም። በኬረላ አፓም የሚባል ቂጣ አለ። የሩዝ ሊጥ ነው፤ አንዳንዱ ቤት ከኮኮናት ዛፍ በሚቀዳ መጠጥ ያቦካዋል። ሌሊት አድሮ ኩፍ ይላል፤ ሲጋገር ዓይን ያወጣል። ሚስትዮዋ የእንጀራን ዓይን አይተው ሳቁ። ጎረቤታቸው የሆኑት ባልቴት ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ ሁሉንም ያውቋቸዋል። ዳጉሳችንም በደቡብ ህንድ ይዘራል። ኑጋችንም እንዲሁ፤ ዘይቱን ጨምቀው ይጠቀሙበታል። ሁለቱም እህሎች ከእኛ አካባቢ ተነሥተው በጥንት ዘመን ባሕር የተሻገሩ ናቸው። እንግዲህ በቁንዶ በርበሬው ፋንታ እኛም የሰጠነው አለ።

ያስቸገራቸው አንድ ገበታ ላይ ከብዙ ሰው ጋር መብላትና ጉርሻ ነው። እጅ ታጥቦ በቀኝ እጅ መብላት የእነሱም ደንብ ነው። ሆኖም በብዙ የህንድ ቤት አንዱ የበላበትን፣ አፉ የነካውን፣ ሌላው አይነካም። እዚህ ደግሞ የሌላ ሰው ጣት አፍ ድረስ ይመጣል። እምቢ ቢሉ ጎረቤት ይቀየማል። ከህንድ የመጣ ሁሉ ክርስቲያን አልነበረም። ሥጋ ከነጭራሹ የማይበሉ ሂንዱዎችም ነበሩ። ለእነሱ የእኛ ሑዳዴ ፍስክ ሆነላቸው፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ክኩም እንደ ልብ ነው። የጨነቃቸው ፋሲካ ሲመጣ ነው። በግ ታርዶ፣ ሰው እየተጠራራ፣ «እባክህ ቅመስ!» ሲባል ምን ይሉ?

ቤቱን በእበት መለቅለቅና በኩበት ማንደድ በህንድ ገጠርም የተለመደ ነው። ስለዚህ ባልቴቷ ወለሉን ሲለቀልቁላቸው ሚስትዮዋ እጃቸውን ሰብስበው አገዟቸው። ያን ዕለት ወሬው መንደሩን ሁሉ ዞረ፤ «ህንዷ እበት ትለቀልቃለች» ተባለ። የውጭ ሰው ሁሉ ከተሜ ነው፣ ሀብታም ነው ብለን ስለምናስብ ነው። እነሱ አገርም እኮ ገበሬ አለ፣ በበሬ የሚያርስ አለ።

ምልክትም ያጣላል። የደቡብ ህንድ ሰው «እሺ» ለማለት ራሱን ግራና ቀኝ ዘንበል ዘንበል ያደርጋል። ተማሪው ይህን ሲያይ «አይደለም» ያሉት ይመስለዋል። ትክክል የመለሰው ልጅ ተሳስቻለሁ ብሎ ቁጭ ይላል። እኛም ደግሞ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ሳብ እናደርጋለን። ያን የሰማ እንግዳ ሰውዬው ደነገጠ ወይስ ታመመ ይላል።

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ። ሚስትዮዋ የሚያውቁት 25 ሳንቲም ብለው ነው፤ ሻጯ ግን «ስሙኒ» ትላለች። 50 ሳንቲሙን «ሽልንግ» ትላለች። እህሉ በቁና ይሰፈራል። ቁጥር የሚያውቁ ሴት ቁጥር እንደማያውቅ ሆኑ። የሱቁ ዱቤ መዝገብ በአማርኛ ተጽፏል፤ የወሰዱት አምስት ይሁን አሥር አያውቁም። በጤና ጣቢያ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ምን እንደሚል አያውቁም። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚያነቡ ሴት ናቸው። በሞጣ ገበያ ግን መሃይም ናቸው። ይህ ነውር አይደለም። ፊደል ሰው ይዞት የሚወለደው ነገር አይደለም፤ አገሩን የለወጠ ሁሉ እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል።

በቤቱ ውስጥ ቀድማ የተማረችው ልጅቷ ናት። ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ቋንቋውን ለቀመች፤ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደሉን ያዘች። ማታ ማታ ለእናቷ ታስጠናለች። እናት ሲሳሳቱ ልጅ ትስቃለች። ልጁ ያስጠናው አባት ሁሉ ይህን ሳቅ ያውቀዋል።

የህንዶች ፊደል ከእኛ ፊደል ጋር አንድ ጠባይ አለው። እንግሊዝኛ «ከ»ን ለመጻፍ ሁለት ፊደል ይፈልጋል። ማላያላም ግን እንደ እኛ አንዱን ፊደል ይወስድና ጭራ፣ ቀንድ እየቀጠለ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ያደርገዋል። ስለዚህ የኬረላ ሰው ካዕብና ሣልስ የሚባለው ነገር ቶሎ ይገባዋል። ዓይን የቻለውን ግን አፍ አይችለውም። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ በእነሱ ቋንቋ የሉም። «ጠጅ» ሊሉ «ተጅ» ይላሉ። «ቀጠሮ»ን «ከተሮ» ያደርጉታል። እኛ ደግሞ የእነሱን ልዩ ልዩ ዓይነት «ን» መለየት ያቅተናል፤ ስለዚህ መሳሳቅ የለም።

ኬረላ በኋላ በራሷ ላይ ያደረገችው ነገር ለእናንተ ይመቻል። በእኛ አገር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ15 ቋንቋዎችም ተሰጠ። ኬረላም በእኛ 1980ዎቹ መግቢያ ላይ ተመሳሳይ ዘመቻ አነሣች። መጀመሪያ ኤርናኩለም የሚባለው አውራጃዋ በጥር 1982 ዓ.ም. ማንበብ የማይችል ጎልማሳ የሌለበት ተብሎ ታወጀ። ከዚያ ዘመቻው አገሩን ሁሉ ያዘ። ሚያዝያ 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ለመላው ኬረላ አዋጁ ተነገረ። ያወጁት ሚኒስትር ወይም ፕሮፌሰር አይደሉም። ቼላኮደን አይሻ የተባሉ፣ በዕድሜ የገፉ፣ በዚያው ዘመቻ ማንበብ የተማሩ ሴት ናቸው። አስተማሪ ወደ እኛ የላከች አገር በገዛ ቤቷ ማንበብ የማይችሉ ብዙ ሰዎች ነበሯት ማለት ነው።

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። ሰንበት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የኬረላ ኦርቶዶክሶች ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ ናቸው፤ የእነሱና የእኛው ቤተ ክርስቲያን አባቶች ከሌሎቹ ጋር በጥር 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ ተቀምጠዋል። ዜማው ሌላ ነው፤ ቋንቋውም ሌላ ነው። ደጁ ላይ ጫማ ማውለቁ፣ ወንድና ሴት ለየብቻ መቆሙ፣ ሴቶች ራሳቸውን መሸፈናቸው ግን ያው ነው። ነጭ ልብሱም አልከበዳቸውም። በሰሜን ህንድ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው፤ በኬረላ ግን ሴቶች በበዓል ቀን ጠርዙ በወርቅማ ክር የተሠራ ነጭ ይለብሳሉ። ጥበብ ቀሚስ ማለት ነው።

ክረምት ገባ። መንገዱ ጨቀየ፤ ፖስታም ዘገየ። አንድ ቀን ከአገር ቤት ደብዳቤ መጣ። የተጻፈው በማላያላም ነው። በሞጣ ከተማ ያን ጽሕፈት የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ባልና ሚስት። ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤውን ለሌላ ሲያስነብብ ምስጢሩንም አብሮ ይሰጣል። ክፉ ወሬም ቢሆን ከባዕድ አፍ ይሰማል። ሚስትዮዋ ግን ራሳቸው ከፍተው ራሳቸው አነበቡት። አባታቸው ሞተዋል። ከተቀበሩ ወር አልፏል።

በእኛ አገር መርዶ ለብቻ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው። እሳቸው ይህን ወግ አያውቁም። በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን አለቀሱ። ልጅቷ ግን ወጥታ ለባልቴቷ ነገረች፤ በአማርኛ። ባልቴቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ ተከተለ። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ቡና ተፈላ። ሰዎቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ስለ ሟቹ ይጠይቃሉ። ስንት ልጅ ነበራቸው? ምን ያርሱ ነበር? ልጅቷ መሐል ተቀምጣ ወዲያና ወዲህ ታስተረጉማለች። የሟቹም ስም በጎጃም አፍ፣ እየተሳሳተም ቢሆን፣ ተጠራ።

በሦስተኛው ቀን ሚስትዮዋ ለወንድማቸው መልስ ጻፉ። ለቅሶ የደረሱትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ አስገቡበት። የባልቴቷን ስም ሲጽፉ የ«ጠ»ን ድምፅ የሚይዝ ፊደል በማላያላም አጡ። ስለዚህ ያቺን አንዲት ፊደል በአማርኛ ጽፈው አለፉ።