ሞተር ለመማር ካሰቡ፦ አሰልጣኝ ከመምረጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሞተር ማስኬድ ቶሎ ይለመዳል። አንድ ጓደኛ ሞተሩን ይዞ ሜዳ ይወጣና «ፍሪሲዮኑን ያዝ፣ ማርሽ አስገባ፣ አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ነዳጅ ስጠው» ይላል። ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ይጠፋል፣ ከዚያ ይነሳል። ጀማሪው ሜዳውን ጥቂት ጊዜ ዞሮ ማምሻውን «ቻልኩ» ብሎ ቤቱ ይገባል። በሐዋሳም፣ በባሕር ዳርም፣ በድሬዳዋም እንዲህ የተማረ ሞተረኛ ብዙ ነው። ያን ዕለት የተማረው ግን ማስኬድን ብቻ ነው። ድንገት ማቆም፣ ፍጥነት እያለ መታጠፍ፣ ሚኒባስ ሲገባበት ማምለጥ ገና አልተነሳም፤ ያንን የሚማረው አስፋልት ላይ፣ ሌላ ሰው ሳይጠብቀው ነው።

በ1981 እ.ኤ.አ. ሃሪ ኸርት የተባሉ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መርምረው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ አደጋው የደረሰበትን ሞተር መንዳት ከጀመሩ አምስት ወር አልሞላቸውም። ጥናቱ የቆየ ነው፤ አገሩም ሩቅ ነው። ሆኖም ያየው ድክመት ሎስ አንጀለስ ላይ የቀረ አይደለም፤ ጀማሪ በማንኛውም ከተማ ጀማሪ ነው።

ስለዚህ አሰልጣኝ ሲፈልጉ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ «በስንት ቀን ያስነዱኛል?» የሚለው ባይሆን እመርጣለሁ። «ማቆምን እንዴት ያስተምራሉ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ስለ ሰውየው ብዙ ይነግርዎታል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

መጀመሪያ ሞተሩን የት እንደሚነዱት ይወስኑ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥላለች፤ እዚያ ለመሥራት ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው በጊዜው ካለው የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቆ መረዳት አለበት። ሞተር ገዝቶ፣ ተምሮ፣ በኋላ ማቆሚያ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ያሳዝናል። የሞተር መንጃ ፈቃድ ደግሞ ራሱን የቻለ ምድብ ነው፤ የአውቶሞቢል ፈቃድ ስላለኝ ይበቃኛል ብለው አይነሱ። ማሰልጠኛው ፈቃድ ያለው መሆኑንም ይዩ፤ የሚሰጥዎት የምስክር ወረቀት ዋጋ የሚኖረው ያን ጊዜ ነው።

የሚማሩበት ሞተር ታርጋ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን እንዳለው መጠየቅ ነውር አይደለም። መድኑ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘ ግዴታ ነው። ጀማሪ ሰው ይገጫል፤ መንገደኛም ሊገጭ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ መታወቅ አለበት። ሞተሩ ወድቆ ስፔኪዮው ወይም ፍሬቻው ቢሰበርስ? ይህንንም በቃል ሳይሆን በወረቀት ያስጨርሱ።

አንድ ቀን ሄደው ቆመው ይመልከቱ

ከማስታወቂያው ይልቅ ሜዳው እውነቱን ይናገራል። ሳይመዘገቡ ሄደው አንድ ሰዓት ቆመው ይዩ። ከልካይ ካለ ያም መልስ ነው።

ተማሪው ሞተሩ ላይ ሲወጣ የአሰልጣኙ እጅ መጀመሪያ የት ይሄዳል? ጥሩ አሰልጣኝ አገጭ ሥር ያለውን የሄልሜት ማሰሪያ ይነካል፤ ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ ድረስ ያጠብቀዋል፤ ከዚያ ሄልሜቱን ይዞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያነቃንቀዋል። ሄልሜቱ ዞሮ ጭንቅላቱ ከቀረ ልክ አይደለም፤ ይለውጠዋል። ይህን ሳያደርግ «ተነስ» የሚል አሰልጣኝ ሌላውንም ነገር እንዲሁ ነው የሚያልፈው።

ስንት ተማሪ ለስንት ሞተር፣ ለስንት አሰልጣኝ እንደሆነ ይቁጠሩ። በእንግሊዝ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የጀማሪዎች ግዴታ ሥልጠና አንድ አሰልጣኝ በሜዳ ላይ ከ4 ተማሪ በላይ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ ከ2 በላይ እንዳይዝ ይከለክላል። እኛ ዘንድ አሥር ሰው አንድ ሞተር ተራ ሲጠብቅ ሊያገኙ ይችላሉ። ታዲያ የተነገረዎት «የ20 ሰዓት ሥልጠና» ሞተሩ ላይ የተቀመጡበት ነው ወይስ ጥላ ሥር የቆሙበት? ይህን ለይተው ይጠይቁ፤ ዋጋ የሚወዳደረው በዚህ ነው።

አንዳንድ አሰልጣኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከተማሪው ኋላ ይፈናጠጣል። አልወደውም። የሁለተኛ ሰው ክብደት ገና ሚዛን ላልያዘ ሰው ሞተሩን ያከብድበታል፤ ኋላ የተቀመጠውም ፍሬኑን ሊይዝለት አይችልም። ለሴት ተማሪ ደግሞ ከማያውቁት ሰው ጋር ተጣብቆ መቀመጥ ሌላ ጭንቀት ነው፤ «አይ፣ እርስዎ ከጎን ይሁኑ» ማለት ሙሉ መብትዎ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከጎን እየሮጠ ያስተምራል፤ ላብ በላብ ሆኖ ካዩት ደስ ይበልዎ። እንዴት እንደሚቆጣም ልብ ይበሉ። በጩኸት የተደናገጠ ሰው የሚያደርገው ነገር ያለውን ሁሉ ጨብጦ መያዝ ነው፤ ቀኝ እጁ የያዘው ደግሞ ነዳጅ መስጫውን ነው።

ስለ ፊት ፍሬን

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ጉዳዩ የሕይወት ነውና። በየሠፈሩ የሚነገር ምክር አለ፦ «የፊት ፍሬን አትንካ፣ ይገለብጥሃል።» ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀልላል፣ የፊቱ አስፋልቱን ይጫናል። በዚህ ምክንያት ደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆም ኃይሉ 70 በመቶውንና ከዚያ በላይ የሚሰጠው የፊቱ ነው። በኋላ ፍሬን ብቻ የሚተማመን ሰው የኋላ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል፣ መኪናው ጋ ሳይቆም ይደርሳል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሰከንድ 11 ሜትር ነው፤ በ60 ወደ 17 ሜትር ይጠጋል። ገና ሳይወስኑ የሚያልፍ ርቀት ነው።

የሚገለብጠው ፍሬኑ አይደለም፤ በድንገት ጨምድዶ መያዝ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ በእጅዎ ላይ ይህን ማስተማር አለበት፦ ጣቶች የፍሬን እጀታው ላይ ያርፋሉ፤ መጀመሪያ ልል የሆነውን ያህል ብቻ ይስባሉ፤ ፍሬኑ መንካት ሲጀምር የፊት ሾኩ ዝቅ ሲል ይሰማዎታል፤ ዝቅ ካለ በኋላ ነው ጠንከር እያደረጉ የሚጨምሩት። የኋላውን በእግር ያግዙታል። መሪው ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ ዓይንም ጎማው ላይ አይወርድም፣ ሩቅ ያያል። ይህን በ20 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በ30፣ ከዚያ በ40 እየደጋገሙ ይለማመዱታል፤ እጅ ያለ ሐሳብ እስኪያደርገው ድረስ። ኮረኮንች፣ አሸዋ ወይም እርጥብ ኮብልስቶን ላይ፣ መሪው ዞሮ ባለበትም ጊዜ፣ የፊቱ በጣም በለሆሳስ እንደሚያዝ ለብቻው ማሳየት አለበት።

እንግዲህ «የፊት ፍሬንን እንዴት ያስተምራሉ?» ብለው ጠይቀው «እሱን ተወው» የሚል መልስ ከሰሙ፣ አመስግነው ይሂዱ። ዋጋው ቢረክስም፣ የአጎትዎ ልጅ ቢሆንም።

መታጠፍ፣ ዳገት፣ ማርሽ

ስምንት ቁጥር መሥራት ጥሩ ልምምድ ነው፤ ሚዛንና ፍሪሲዮን ያስተምራል። ግን በእርምጃ ፍጥነት የሚሠራ ነገር ነው። ፍጥነት ሲጨምር ሞተር የሚታጠፍበት መንገድ ይለያል፦ ወደ ግራ ለመሄድ የመሪውን የግራ እጀታ ቀስ ብለው ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ሞተሩ ወደ ግራ ያጋድላል፣ ወደ ግራ ይሄዳል። ነገሩ ሲሰሙት የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲሞክሩት ይገባል። ይህን የማያውቅ አሰልጣኝ ካጋጠመዎት ራሱም በደመ ነፍስ እየነዳ ነው ማለት ነው፤ ያን ደግሞ ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። ሌላው የዓይን ጉዳይ ነው። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ጉድጓዱ ላይ አፍጥጦ የቀረ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለውን ማለፊያ ያየ ያልፋል። አሰልጣኙ ሜዳው ላይ ቆሞ «ወደ እኔ እይ፣ ወደ እኔ» እያለ ሲጣራ ከሰሙ ሥራውን ያውቃል።

ዳገት ላይ መነሳትን ሳይለማመዱ በአዲስ አበባው ቸርችል ጎዳና ዓይነት መንገድ ላይ አይውጡ። የኋላ ፍሬን ይያዛል፤ ፍሪሲዮኑ መያዝ ሲጀምር ሞተሩ ሳብ ያደርጋል፤ ያኔ ነው ፍሬኑ የሚለቀቀው።

ማርሹን በተመለከተ በብዙ ሞተር አንደኛ ወደ ታች፣ ሌሎቹ ወደ ላይ ናቸው። ሁሉም ወደ ታች የሆኑ አነስተኛ የህንድ ሞተሮችም አሉ። ከተማሩበት የተለየ ሞተር ሲይዙ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሞተሩና ልብሱ

የመማሪያ ሞተር ትንሽ ይሁን። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት ቦክሰርን የመሰሉ ሞተሮች ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 130 ኪሎ ይደርሳል፤ ሁለቱም እግርዎ መሬት መርገጥ አለበት። አጭር ሰው ከፍ ባለ ሞተር ላይ በእግር ጣቱ ተንጠልጥሎ ሲማር ማየት ያሳስበኛል፤ መብራት ላይ ሲቆም ይወድቃል። የፍሬን እጀታው ጣትዎ የሚደርስበት ይሁን፤ እጅዎ ትንሽ ከሆነ አሰልጣኙ ያስተካክልልዎ። ጎማው የተላጨ፣ ሰንሰለቱ የተንጠለጠለ ከሆነ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ለሞተሩ ያልተጨነቀ ማሰልጠኛ ለሰውም አይጨነቅም።

ሄልሜት ላይ አይቆጥቡ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ተጎድቷል፤ ስለዚህ ያገለገለ አይግዙ። ማሰልጠኛው አንዱን ሄልሜት ለሁሉም የሚያዞር ከሆነ የራስዎን ይዘው ይሂዱ። ነጠላና ሻሽ የኋላ ጎማና ሰንሰለት ውስጥ ይገባሉ፤ ውጤቱ አሰቃቂ ነው። ነጠላው ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ቀሚስ ካለ ሱሪ ከሥር ይልበሱ። ሸበጥ አይሁን። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ጓንት ይኑርዎት፤ የሚወድቅ ሰው መሬቱን የሚቀበለው በመዳፉ ነው።

ውጭ አገር ለሚኖሩ

በአሜሪካ ለምትኖሩ ነገሩ ይቀላል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የጀማሪዎች ኮርስ በብዙ ስቴቶች ይሰጣል፤ ሞተሩን የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አሰልጣኙ ነው፤ በብዙ ስቴት ኮርሱን የጨረሰ ሰው የመንገድ ፈተናው ይቀርለታል። በእንግሊዝ ለዴሊቨሪ ሥራ ሞተር የሚይዙ ወገኖች ደግሞ የጀማሪ ሥልጠናው ወረቀት ሁለት ዓመት ብቻ እንደሚያገለግል፣ በእሱ ብቻ ሰው መጫንም ሞተርዌይ መግባትም እንደማይቻል ይወቁ።

«ገና ነህ» የሚል አሰልጣኝ

«ፈተናውን እኔ ጋ ጣለው፣ ወረቀቱ ይወጣልሃል» የሚሉ አሉ። ወረቀቱ መኪና አያቆምም። በተቃራኒው «እህቴ፣ ገና ነሽ፣ ሁለት ቀን ጨምሪ» ብሎ ፈተናውን የሚያዘገይ አሰልጣኝ ካገኙ ተጨማሪውን ክፍያ ሳይከፋዎ ይክፈሉ። ክፍያ ሳይጠይቅ ካዘገየ ደግሞ ለወዳጆችዎም ይንገሩ።

ወደ መንገድ ሲያወጣዎት የት እንደሚወስድዎም ይዩ። ኸርትና ባልደረቦቻቸው ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተደረጉ ግጭቶች በሁለት ሦስተኛው ላይ ቅድሚያ የነሳው ሌላው ሾፌር እንደነበረ አግኝተዋል፤ ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ጭራሽ አላየውም። ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ጥግ ከሚይዝ ሚኒባስ ኋላ፣ ከሚታጠፍ ባጃጅ ጎን እንዴት እንደሚጠነቀቁ ከኋላዎ በሌላ ሞተር እየተከተለ ያሳይዎ። ቀንም ቢሆን መብራትዎ ይብራ። ፈቃዱን ካገኙ በኋላ ለጥቂት ወራት ማንንም አይጫኑ፣ ልጅም ቢለምን።

ሥልጠናው በበጋ ካለቀ ከአሰልጣኙ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፦ ክረምት ሲገባ አንድ የዝናብ ቀን ተመልሰው በእርጥብ አስፋልት ላይ፣ የዜብራው ቀለም በሚያዳልጥበት ቦታ፣ ያንኑ የፊት ፍሬን ልምምድ ከ20 ኪሎ ሜትር ጀምረው እንዲደግሙ። ይህን በክፍያው ውስጥ የሚያካትት ካለ እሱ ጋ ይመዝገቡ።