ልምድ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ማስታወቂያው ሁሉ «2 ዓመት ልምድ» ይላል። ልምዱን ከየት ላምጣ?

መልስ፦ «0 ዓመት» የሚለውን የባንክ ማስታወቂያ ብቻ አይጠብቁ፤ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። እኔ የምመክረው የተፈቀደላቸው የሒሳብ ባለሙያዎች ቢሮ ነው። ሒሳባቸውን ሰኔ 30 የሚዘጉ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ ስላለባቸው፣ ቢሮዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሥራ ይበዛባቸዋል። ደረሰኝ በየቀኑ የሚለይ፣ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ የሚመዘግብ፣ ከባንክ መግለጫ ጋር የሚያስታርቅ ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጥድፊያው ከመጀመሩ በፊት፣ በግንቦት፣ ማስረጃዎን ይዘው በአካል ይሂዱ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም በነጻ አይሥሩ፣ ድካምዎ ዋጋ አለው። ሲለቁ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ የልምድ ማስረጃ ይጠይቁ፤ ብዙ ቀጣሪዎች የግል ድርጅት ልምድን ያለዚህ አይቀበሉም።