የዓይን ችግርና የዘር ውርስ፦ ከአንበሳ ግቢ እስከ መማሪያ ክፍል

በማስተማር ልምምዳችን ጊዜ «ሸውራራነት በዘር ይመጣል» አልንና ዝም ብለን አለፍነው። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ዓይኑ ሸውራራ ወደሆነ አንድ ልጅ ዞሮ ሳቀ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የእኛ ነበርና ያኔ ያላብራራነውን እነሆ።

ልጅ ለእያንዳንዱ ባህርይ ከእናቱም ከአባቱም ዘረ መል ይወስዳል። እንከን ያለበት ዘረ መል ብዙ ጊዜ በጤነኛው ተሸፍኖ ይኖራል። ሁለቱም ወላጆች ድብቁን ከያዙ ግን በእያንዳንዱ ልጅ ላይ የመታየት ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ዘመዳሞች ደግሞ ከአንድ አያት ስለሚወርሱ ያው ድብቅ ነገር በሁለቱም ዘንድ ሊገኝ ይችላል። «ሰባት ቤት ቁጠሩ» የሚለው የአባቶች ደንብ ከዚህ ጋር ይስማማል።

በ1951 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር፣ ሬዋ፣ ሞሃን የተባለ ነጭ የታይገር ግልገል ተያዘ። ነጭ ዘር እንዲገኝ ከገዛ ልጁ ጋር አዳቀሉት፤ በ1958 ነጫጭ ግልገሎች ተወለዱ። ታዲያ በነጭ ታይገር ላይ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት ነርቮች መንገድ እንደሚስቱ በ1973 የታተመ ጥናት አሳየ። አንዳንዶቹም ሸውራራ ናቸው።

ወደ አገራችን እንምጣ። የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በ7 አንበሶች፣ ማለትም በ5 ወንድና በ2 ሴት ነበር። በ2012 የታተመ ጥናት ከግቢው 15 አንበሶችን መርምሮ በዘረ መላቸው ከሌሎች የተለዩ መሆናቸውን ገለጸ። እንግዲህ እንዳይጠፉ መራባት አለባቸው። ነገር ግን ቅድመ አያቶቻቸው ጥቂት ስለሆኑ ማን ከማን እንደተወለደ በመዝገብ መያዝ የግድ ነው። ለአንበሳ ሰባት ቤት የሚቆጥርለት ሰው ብቻ ነውና!

ሆኖም የዓይን ችግር ሁሉ ውርስ አይደለም። ጉበት ሳይቀምስ ቀይ ሥጋ ብቻ የሚበላ ደቦል ቪታሚን ኤ ያጥረዋል፤ የራስ ቅሉ አጥንት ወፍሮ የዓይን ነርቩን ሊጫነው፣ ሊያሳውረውም ይችላል። በሰውም ዳፍንት ከዚሁ እጥረት ይመጣል።

የልጅ ሸውራራነትም ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሐኪም ቶሎ ካየው ሊታከም ይችላል። የእኛ ፋንታ ወላጁን ማማከርና ልጁን ከሳቅ መጠበቅ ነው። ከሰንጋ ተራ ስድስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። ይህን ትምህርት ዳግመኛ ስናስተምር ከአንበሳው እንጀምር እንጂ በልጁ ዓይን ላይ ጣት አናስቀስር።