ስለ ፉዓና ስለ ከፍራያ ታጣቂዎች

የታሪክ መምህራችን በዚህ ዓመት የሶርያን የእርስ በርስ ጦርነት እንድናጠና ባዘዙን ጊዜ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ስፍራ አደሉን። ለሌሎቹ ደማስቆና ሐለብ ሲደርሳቸው ለእኔ የደረሱኝ ፉዓና ከፍራያ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞች ናቸው። በክፍላችን ካርታ ላይ ብፈልጋቸው አጣኋቸው፤ በዚህም ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ያገኘሁትን ለትምህርት ጓደኞቼና ለወላጆች ባካፍል ደስ ይለኛል። ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ሁለቱ ከተሞች በሰሜን ምዕራብ ሶርያ፥ በኢድሊብ አውራጃ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ ሱኒ ሙስሊም ሲሆን የፉዓና የከፍራያ ሰዎች ሺዓዎች ነበሩ። ነቢዩ መሐመድ በ632 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ሕዝቡን ሊመራ የሚገባው የአጎታቸው ልጅና አማቻቸው ዓሊ ነው ያሉት ወገኖች ሺዓ ተባሉ። አጠገቤ የሚቀመጠውን ሙስሊም ጓደኛዬን ስለ ሺዓ ብጠይቀው፥ በአገራችን ያሉት ሙስሊሞች አብዛኞቹ ሱኒ ስለ ሆኑ እርሱም ሺዓ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ።

በ2011 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት በሽር አል አሳድ መንግሥት ላይ ሕዝቡ ሰልፍ ወጣ፤ መንግሥትም ተኩስ ከፈተበት፤ ነገሩም ወደ ጦርነት ተለወጠ። የፉዓ ጎረቤት የሆነችው ቢንሽ ከተቃዋሚዎቹ ጋራ ስትሰለፍ ፉዓ ከመንግሥት ጋራ ቆመች። ጎረቤታሞቹ ይጠላለፉ ጀመር፤ አንዱ ወገን ሰው የያዘ እንደ ሆነ ሌላውም በልዋጩ ሰው ይይዝ ነበር።

በዚህ ጊዜ በየአገሩ ለመንግሥት ያደሩ ወንዶች መሣሪያ ይዘው ሕዝባዊ ኮሚቴ የሚባለውን አቋቋሙ። ኋላም መንግሥት እንዲህ ያሉትን ታጣቂዎች የብሔራዊ መከላከያ ኃይል በሚል ስም ሰብስቦ ደመወዝና ጥይት ሰጣቸው፤ ኢራንና የሊባኖሱ ሒዝቡላህም ረዷቸው። በአገራችን ቀድሞ ነጭ ለባሽ ይባል የነበረውን ለሚያስታውሱ ወላጆች ይህ እንግዳ አይሆንባቸውም። ነገር ግን ነጭ ለባሹ ዘምቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የፉዓ ሰው ምሽጉ የገዛ ማሳው ጫፍ ነበረ።

በ2015 ዓ.ም. ማርች 28 ቀን የኢድሊብ ከተማ በተቃዋሚዎቹ እጅ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ከተሞች በአራቱም ማዕዘን ተከበቡ። በሮኬት ተደበደቡ፤ ፈንጂ የተጫኑ መኪናዎችም ተላኩባቸው። መንገድ ስለሌለ የመንግሥት አውሮፕላኖች እህልና ጥይት በጃንጥላ ይጥሉላቸው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ለጥናቴ መጀመሪያ የሰጠሁት ርዕስ «ቤታቸውን ያስከበሩ ጀግኖች» የሚል ነበር። ስለ ማዳያ ካነበብሁ በኋላ ሰረዝሁት። ማዳያ በደማስቆ አጠገብ ያለች የሱኒዎች ከተማ ናት። እርስዋንና ጎረቤትዋን ዘበዳኒን የከበቡት ደግሞ የመንግሥት ጦርና ያው የፉዓ ረዳት የሆነው ሒዝቡላህ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር ጀምሮ በማዳያ 23 ሰዎች በራብ መሞታቸውን ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አስታውቋል። ለማዳያ ከአየር የሚጥልላት አልነበረም።

የአራቱ ከተሞች ዕድል በአንድ ገመድ የታሰረ ነበር። ኢራንና አሕራር አል ሻም የሚባለው የተቃዋሚዎች ጦር ተደራድረው፥ ለሁለቱ የተደረገው ለሁለቱም እንዲደረግ ተስማሙ። በ2015 ዓ.ም. ዲሴምበር 28 ቀን ከዘበዳኒ የወጡት ቍስለኞችና ታጣቂዎች በቤይሩት በኩል ወደ ቱርክ ሲበሩ፥ ከፉዓና ከከፍራያ የወጡት ደግሞ በቱርክ በኩል ወደ ቤይሩት በረሩ። በ2016 ዓ.ም. ጃንዩዋሪ 11 ቀንም የእርዳታ መኪናዎች በሁለቱም ወገን በአንድ ቀን ገቡ። እኔ ይህን ሳነብ የገበያ ሚዛን መሰለኝ፤ በሚዛኑ ላይ ያለው ግን እህል ሳይሆን ሰው ነው። የፉዓ ታጣቂ ምሽጉን ቢጠብቅም ቍስለኛ ልጁ ሐኪም ዘንድ የሚሄድበትን ቀን የሚቈርጡለት ሌሎች ነበሩ።

በ2016 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር ከሐለብ መለቀቅ ጋራ በተያያዘ ስምምነት ሰዎችን ከፉዓ ለማውጣት የሄዱት አውቶቡሶች በመንገድ ላይ ተቃጠሉ። በ2017 ዓ.ም. አፕሪል 15 ቀን ደግሞ ከፉዓና ከከፍራያ የወጡት ሰዎች በሐለብ አጠገብ ራሺዲን በሚባል ስፍራ ቆመው ልውውጡን ሲጠብቁ አንድ መኪና ፈነዳባቸው። ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ60 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ ቀን ብዙ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘኝም።

የቀሩት ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፥ ታጣቂዎቹም ጭምር፥ በ2018 ዓ.ም. ጁላይ 18ና 19 ቀን ወጡ። በልዋጩ መንግሥት እስረኞችን ፈታ። ከሦስት ዓመት በላይ በጦርነት ያልተወሰዱት ከተሞች እንዲህ በስምምነት ባዶ ሆኑ፤ በቤቶቹም ከሌሎች የሶርያ ክፍሎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ገቡባቸው። የአሳድም መንግሥት በ2024 ዓ.ም. ዲሴምበር 8 ቀን ወደቀ።

በመምህራችን ፈቃድ ፉዓን፥ ከፍራያን፥ ማዳያንና ዘበዳኒን በክፍላችን ካርታ ላይ በእርሳስ ነጥቤአቸዋለሁ። ፉዓና ከፍራያ እጅግ ስለሚቀራረቡ ሁለቱ ነጥቦች አንድ ሆነው ይታያሉ።